ጅዳ ከወልድያ አትርቅም

ከጅዳ አዲስ አበባ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ ይፈጃል። ከአዲስ አበባ ደሴ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ነው፤ በአውቶቡስ አንድ ቀን። ከደሴ መርሳ ዘጠና ግድም፣ ከመርሳ ወልድያ ሠላሳ። ቁጥሮቹን በቃሌ የያዝኳቸው ለሥራዬ ስል ነው። ወልድያ ተቀምጬ ዜና የምልክ ዘጋቢ ነበርኩ፤ ርቀት ላይ ከተሳሳትኩ አዘጋጁ ይደውልልኛል። በርቀት ጉዳይ ተከራክረው የረቱኝ አንዲት ሴት ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም መርሳ ያለው የወላጆቼ ቤት ጎረቤት ነበሩ። እማማ እያልኳቸው ነው ያደግኩት።

እማማና ባለቤታቸው ከከተማው ዳር ማንጎና ሽንኩርት ያለማሉ። አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ነበረቻቸው። ከእኔ በትንሽ ታንሳለች፤ ሁለቱን ግቢ በሚለየው አጥር ቀዳዳ እየተሻገርን ነው ያደግነው። ካደገች በኋላ ጅዳ ሄዳ ሰው ቤት ተቀጠረች። በደረሰች ማግስት ስትደውል እናቷ «መንገዱስ እንዴት ነበር?» ቢሏት፣ «ምን አላት፣ ሁለት ሰዓት ብቻ ናት» አለቻቸው። ለማጽናናት የተነገረ እውነት ነበር። እማማ ግን እውነቱን እንጂ ማጽናኛውን አልወሰዱም።

እሳቸው ማክሰኞ ማክሰኞ ሽንኩርት ይዘው ወልድያ ገበያ ይወጡ ነበር። ሚኒባሱ እስኪሞላ፣ ሲሪንቃ ላይ የሚወርደው እስኪወርድ፣ የወረደው የረሳውን ዘንቢል ሊወስድ እስኪመለስ፣ ሁለት ሰዓት ያልፋል። አንድ ቀን ወላጆቼን ልጠይቅ መርሳ በመጣሁበት በአጥሩ በኩል ጠሩኝ።

«አንተ፣ ከጅዳና ከወልድያ የቱ ይርቃል?»

«ጅዳማ ባሕር ማዶ ነው እማማ።»

«የት እንዳለ አልጠየቅኩህም። ሁለት ሰዓት ነው ብላኛለች። እኔ ወልድያ ለመድረስ ከዚያ በላይ ይፈጅብኛል። ታዲያ የቱ ይርቃል?»

«አውሮፕላን ስለሚፈጥን ነው እንጂ . . .»

«ይፍጠና። እኔ ስለ ፍጥነቱ ምን አገባኝ?»

ካርታና ማስመሪያ ይዤ መጣሁ። ይህ አላስፈላጊ ነበር፤ ነገሩን የባሰ አወሳሰበው። ከጅዳ ወደ አዲስ አበባ ያሰመርኩት መስመር ቀጥ ብሎ ወደ ደቡብ ወርዶ መርሳ አጠገብ አለፈ። ያየሁትን ነገርኳቸው።

«በኛ በላይ ነው የሚያልፈው?»

«በላያችን ማለት ይቻላል።»

«ታዲያ ለምን አይወርድም?»

«ማረፊያ የለማ።»

«ሚኒባስ እንኳ ወራጅ አለ ሲሉት ይቆማል» አሉ። ካርታዬን አጥፌ ገባሁ።

ከዚያ በኋላ ሰማይ ላይ ነጭ መስመር ባዩ ቁጥር ሥራቸውን አቁመው ያንጋጥጣሉ። ልጅቱ ለዒድ ሳትመጣ ስትቀር ይቀየማሉ። «የሁለት ሰዓት መንገድ ሆና!» እያሉ ለመንደሩ ያወራሉ። ባለቤታቸው አንድም ቀን አላረሟቸውም። ለምን ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ቅርብ ናት ብላ ከተኛች ምን ጎደለ?» አሉኝ።

ጦርነቱ ወደኛ ሲደርስ የወልድያ ሥራዬ ቆመ። ዜና የሚላክበት መስመር ከተቋረጠ ዘጋቢ አፈኛ ሥራ ፈት ነው። ወደ ወላጆቼ ቤት መርሳ መጣሁ፤ ብዙም ሳይቆይ ሁለቱም ከተሞች ተያዙ። መብራት፣ ስልክ፣ ባንክና መኪና ተራ በተራ ጠፉ። የምሠራው ስላልነበረኝ ለሁለቱም ቤት ውኃ እቀዳ ነበር።

እማማ ስኳር ነበረባቸው። መድኃኒቱ ከደሴ ይመጣ ነበር፤ መንገዱ ሲዘጋ መምጣቱን ተወ። ቤት የቀረውን እንዳይሞቅ በውኃ ገንቦው ሥር እርጥብ አሸዋ ውስጥ አስቀመጥነው። እሱም አለቀ። እየደከሙ ሲሄዱ ስለ ሕመማቸው ብዙ አልተናገሩም። የሚናገሩት ስለ መንገዱ ነበር።

«ላኩባት እንጂ። ሁለት ሰዓት ነው።»

«ስልክ የለም እማማ።»

«ስልክ ማን አለህ? ሰው ይሂድና ይንገራት።»

በዚያ ሰሞን ወልድያ ለመድረስ በተራራው ዞሮ ሙሉ ቀን በእግር መሄድ ነበረበት ሰው፤ መመለሱን የሚያውቅ የለም። እግረ መንገዴን ሒሳቡን ደግሜ አየሁት። ጅዳ በእርግጥም ከወልድያ አትርቅም ነበር። ይህን ልነግራቸው አስቤ ተውኩት፤ እሳቸው ድሮም ያውቁታል።

አንድ ዓርብ ሞቱ። ከጁምዓ በኋላ ቀበርናቸው። ተኩስ ስለነበር ቀባሪው ጥቂት፣ ሶላቱም አጭር ነበር።

በመጨረሻ ጦርነቱ ወደ ሰሜን አለፈና መንገዱ ተከፈተ። ስልክ ግን ገና ነበር። በደሴ መንገድ ካለችው ከውርጌሳ በላይ ያለ ኮረብታ ላይ ከደሴ በኩል ኔትወርክ ይያዛል ተባለና የወረዳችን የሀብሩ ሰው በሙሉ እዚያ ይወጣ ጀመር። ባለቤታቸውን (እኔ አባባ ነው የምላቸው) ደግፌ ወጣሁ። ጉልበታቸውን ያማቸው ስለነበር ሦስት ቦታ አረፍን። ጅዳ ደወልን። ልጅቱ የአባቷን ድምፅ ስትሰማ ስለ ጉልበታቸው ጠየቀች። ከዚያ «እማስ? እማን ስጠኝ» አለች።

አባባ ወደ ቁልቁለቱ አዩ። «ኮረብታውን መውጣት አልቻለችም» አሉ።

እንደ ዘጋቢ ካያችሁት ዓረፍተ ነገሩ ስሕተት የለበትም።

«እንግዲያው እኔ እመጣለሁ» አለች። «መንገድ ተከፍቷል አይደል የምትሉት? የመካን ውኃ፣ ዘምዘም አምጪልኝ ብላኝ ነበር፤ ይዤላት እመጣለሁ።» አባባ ቆዪ ሊሏት ሞከሩ፤ ምክንያት ሲፈልጉ መስመሩ ራሱ ተቋረጠ።

ስንወርድ፣ «የቀበርኳት እኔ ነኝ፤ የምነግራትም እኔ ነኝ» አሉ። «በስልክ አይደለም፤ በመንገድ አይደለም። ከቤቷ ገብታ፣ ተቀምጣ፣ ውኃ ጠጥታ፣ ከኔ አፍ ትስማው። ሌላ ምንም አልቀረኝም ለሷ የማደርግላት።»

በእኛ አገር መርዶ እንዲህ ነው። ሽማግሌ ይዞ፣ ቤት ድረስ ሄዶ፣ አስቀምጦ ነው የሚነገረው። ችግሩ ያለው ሌላው ወግ ላይ ነበር። ሐዘን ያገኘውን ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሁሉ፣ ገበያ መሐልም ይሁን መኪና ውስጥ፣ ከሰላምታው ጋር «አላህ ይርሐማት፣ ሰብሩን ይስጥሽ» ማለት አለበት። ሳይል ካለፈ ቂም ነው። መርሳ ውስጥ ደግሞ እማማን የማያውቅ አልነበረም።

አባባ መንገዱን በክፍል በክፍል አዩት። አውሮፕላኑ ውስጥ ያሉት አያውቋትም። አዲስ አበባ ወሬው ገና አልደረሰም። ደሴ የምትቀበላት የአባባ እህት ናት፤ እሷ አፏን ትይዛለች። የደሴ መኪኖች ግን በዚያ ሰሞን ከውርጌሳ አያልፉም፤ ምክንያቱን ሦስት ሰው ጠይቄ ሦስት መልስ አግኝቻለሁ። ውርጌሳ ላይ ወርዳ የመርሳን ሚኒባስ መያዟ አይቀርም። በደህና ጊዜ ግማሽ ሰዓት ነው።

«ከጅዳ እስከ ውርጌሳ አላህ አለ» አሉኝ። «ከውርጌሳ እስከ መርሳ ያለው ግን የመርሳ ሰው ነው። አንተ ሂድልኝ።»

በሙያዬ ወሬ ፈጥኖ እንዲደርስ ነው የሠራሁት። ወሬ እንዳይደርስ የተላክሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

የምትመጣበትን ቀን የአባባ እህት ከደሴ በሰው ልካብን ነበርና፣ በዚያ ቀን ከረፋዱ ጀምሮ ውርጌሳ ነበርኩ። የመርሳው ሚኒባስ ተራ ይዞ ቆሟል። ሾፌሩ የመርሳ ልጅ ነው፤ ጠዋት ሜካኒክ፣ ከሰዓት በኋላ ሾፌር። ተሳፋሪዎቹን አየሁ፤ ከሁለት ወታደሮች በቀር ሁሉንም አውቃቸዋለሁ፤ እነሱም ሟቿን ያውቃሉ። በሩ ላይ ቆሜ ነገሩን አስረዳኋቸው። ከደሴ የምትመጣ ልጅ አለች፤ የእናቷን ሞት አልሰማችም፤ አባቷ ቤት ድረስ እንዲቆይላቸው ለምነዋል።

«የኔ አፍ ይዘጋል» አለ ሾፌሩ። «የማይዘጋው የመኪናው በር ነው።»

«እኔ ደግሞ መቼ ነው ወሬ አውጥቼ የማውቀው?» አለች አንዲት የሽንኩርት ነጋዴ። የኋላ ወንበር በሙሉ ሳቀባት።

አንድ ሽማግሌ ዘንጋቸውን በጉልበታቸው መሐል አቁመው ሲያስቡ ቆዩ። «ሰላምታ ይቻላል?» አሉ።

«ሰላምታ ይቻላል አባቴ።»

«ከሰላምታ በኋላስ?»

«ምንም አይበሉ።»

«ምንም?»

«ካልሆነ ስለ ዝናቡ ያውሩ።»

«በዚህ በጋ?»

«አባቴ፣ ዝም ይበሉ እንግዲያው።»

«እንሞክራለን» አሉ። ሁሉም እሺ አለ። እሺታቸው ከልብ ነበር፤ ጣጣው የመጣውም ከዚያ ነው።

የደሴው መኪና ደረሰ። ጥቁር አባያ ለብሳ፣ አንድ ሻንጣና አንድ ትንሽ ነጭ ጀሪካን ይዛ ወረደች። ከስታለች። ሻንጣውን ለመቀበል እጄን ዘረጋሁ፤ ጀሪካኑን ግን አልሰጠችኝም። «ይሄ የእማ ነው» አለች። መንገዱን ጠየቅኳት። አውሮፕላኑ በጦርነቱ ምክንያት ዙሪያውን ዞሮ እንደመጣና ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት እንደቀረው ነገረችኝ። «ለእማ እንዳትነግራት» አለችኝ። «ሁለት ሰዓት ነው ብያታለሁ።»

ሚኒባሱ ውስጥ ስትገባ፣ «አሰላሙ አለይኩም» አለች።

«ወአለይኩም ሰላም» አሉ ሁሉም፣ ባንድ ድምፅ። ከዚያ አቆሙ።

አጠገቧ ተቀመጥኩ። መኪናው ተነሣ። እሷ ወደ ኋላ ዞራ የሽንኩርት ነጋዴዋን ሳመቻት። «እታለም! ደህና ናችሁ? ልጆቹስ? ቤቱስ?»

«ደህና ነን።»

ልጅቱ ቀሪውን ጠበቀች። ቀሪ አልመጣም። በወሎ «ደህና ነን» የሰላምታ መግቢያ ነው፤ ከውርጌሳ መርሳ ያለው መንገድ በደህና ጊዜ ለሰላምታ ብቻ እንኳ አይበቃም ነበር። ሽማግሌው መስኮት መስኮቱን ያያሉ። ከኋላ ያሉት ሁለት ሰዎች ዓይናቸውን ጨፍነው የተኙ መስለዋል፤ አንዱ ሲያስነጥስ እንኳ ዓይኑን አልገለጠም።

መንገድ ዳር የተቃጠለ ታንክ አየች። አፈ ሙዙ ላይ ጋቢ ተሰጥቶበታል። «ይሄ የኛው ነው የነሱ?» ብላ ጠየቀች። በሌላ ቀን ቢሆን ይህ ጥያቄ ሁለት ወገን አውጥቶ መርሳ ድረስ ያከራክር ነበር። አንድም ሰው አልመለሰላትም። ሾፌሩ ብቻ፣ ዝምታው አስፈሪ መሆኑ ስለገባው፣ «ሦስተኛው ማርሽ ያስቸግራል» አለ። ማንም አልጠየቀውም ነበር።

ቀስ ብላ እንደገና ወደ ነጋዴዋ ዞረች። «እማ ገበያ ትወጣለች አሁን?»

ነጋዴዋ የሽንኩርቱን ማዳበሪያ አፍ ፈታ እንደገና አሰረችው።

ያኔ ልጅቱ ፊቷን መለሰች። እኔ እስካሁን የማስበው ይህንኑ ነው። ስንት ዓመት ሆነሽ ያላት የለም። ወርቅሽስ፣ ለምን ከሳሽ፣ ለምን አላገባሽም ያላት የለም። የመርሳ ሰው ከጅዳ ለመጣች ልጅ ይህን ሁሉ ሳይጠይቅ ሊቀመጥ የሚችልበት አንድ ምክንያት ብቻ ነው ያለው፤ እሷም የመርሳ ልጅ ናት። አንዳቸው አንድ ቃል ቢሳሳቱ ከዚህ የበለጠ አያስረዳትም ነበር።

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ።

«ከዚህ መርሳ ስንት ደቂቃ ይቀራል?»

«ሃያ። ኬላ ስላለ ሃያ አምስትም ሊሆን ይችላል።»

«ማን ነው የሚነግረኝ?»

«አባትሽ» አልኩ። «እኔ ልንገራት ብለው ለምነዋል።»

«እንግዲያው አንተ አትንገረኝ።»

«አልነገርኩሽም።»

«አዎ፣ አልነገርከኝም» አለች። ከውርጌሳ ጀምሮ ጭኗ ላይ የያዘችውን ጀሪካን አነሣችና ሰጠችኝ። «ያዝልኝ» አለች። ሻሿን አውልቃ እንደገና አሰረች፤ ሁለት ጊዜ ፈጀባት። ከዚያም ጉሮሮዋን ጠርጋ ወደ ኋላ ዞረች።

«ምነው ይሄ ሁሉ ዝምታ?» አለች። «ጅዳ ስለፋ ኖሬ ስመጣ ማንም ወርቅሽ የት አለ አይለኝም? እንዲህ ሆናችኋል?»

መኪናው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ባንድ ጊዜ ተነፈሰ። ሽማግሌው፣ «እውነትም፣ ወርቅሽስ?» አሉ። ነጋዴዋ «ባል የሌላት ሴት ወርቅ ምን ታደርግበታለች?» አለች። የተኙት ነቁ። ሾፌሩ ስለ ጅዳ መኪኖች መለዋወጫ መጠየቅ ጀመረ። ኬላው ላይ ያስቆመን ወታደር «ሠርገኛ ናችሁ?» ብሎ አሳለፈን። መርሳ እስክንገባ ድረስ እሷ ነበረች የምታወራው፤ ስለ አሠሪዋ ልጆች፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ጅዳ ማንጎ ጣዕም አልባነት። እኔ ጀሪካኑን ይዤ ወደ ፊት ወደ ፊት አያለሁ። እናቷን ግን ደግማ አላነሣችም።

አባባ ሁለት ሽማግሌዎች ይዘው በር ላይ ቆመዋል። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰው ከጠዋት ጀምሮ አልተቀመጡም አሉኝ። አቅፈው ሳሟት፣ እጇን ይዘው አስገቡ፣ አስቀመጧት፣ ውኃ ሰጧት። የሚናገሩትን አዘጋጅተው ነበር፤ ሁለት ጊዜ እኔ ላይ ሞክረውታል። ጀመሩና አቃታቸው። እሷ አላገዘቻቸውም። ብርጭቆዋን ይዛ፣ ምንም እንደማያውቅ ሰው፣ ዓይን ዓይናቸውን እያየች ጠበቀች።

«አውሮፕላኑስ ስንት ሰዓት ፈጀ?» አሉ አባባ፣ ሌላ ቃል ቢጠፋቸው።

«ሁለት ሰዓት» አለች።

አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ። ስሕተቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ አላረምኩትም።

«እናትሽ ሞተች ልጄ» አሉ ከዚያ። «ዓርብ ነበር። ከጁምዓ በኋላ ቀበርናት። መድኃኒቷ አልቆ ነው። ላኩባት፣ ቅርብ ናት ስትል ነበር፤ መንገድ አጣን።»

እኔ ብጽፈው ከዚህ የተለየ አልጽፈውም ነበር። ልጅቱ ብርጭቆውን ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠችና ከሚኒባሱ ጀምሮ የያዘችውን ለቀቀችው። ድምፅዋን የሰሙ ጎረቤቶች ገቡ። የሽንኩርት ነጋዴዋ ቀድማ ደረሰች፤ ከመኪናው ወርዳ ቤቷ እንኳ አልሄደችም፤ አጥሩ ሥር ቆማ ስትጠብቅ ነበር። ሁሉም ለወራት በአፉ የያዘውን «ሰብሩን ይስጥሽ» በየተራ አላት።

ለከሰዓቱ የዐስር ሶላት ሰው ሲነሣ አባባ ውዱእ ሊያደርጉ ወደ ማንጎው ሥር ወጡ። እኔ እዚያ ቆሜ ነበር።

«በመንገድ የነገራት አለ?» አሉኝ።

«የለም አባባ።»

«ከደሴ እስከ ውርጌሳስ?»

«እሱን አላየሁም። ውርጌሳ ስትወርድ ግን አታውቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ አብሬያት ነበርኩ፤ አንድም ሰው አልነገራትም።»

«የመርሳ ሰው!»

«እኔም አላመንኩም ነበር።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። እጅጌያቸውን ሲጠቀልሉ እጄ ላይ ያለውን አዩት። እሱን እስካሁን ይዤ መቆሜን እኔም ያስተዋልኩት ያኔ ነው።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ዘምዘም ነው። ያዝልኝ ብላኝ ነው።»

«የእናቷን?»

«አዎ።»

«መቼ ነው የሰጠችህ?»

«መንገድ ላይ» አልኩ። «ኬላው ሳንደርስ።»

አባባ ጀሪካኑን ብዙ አዩት። ከዚያ ወደ ቤቱ ተመለከቱ፤ ልጃቸው በሴቶቹ መሐል ተቀምጣለች። አንድ ነገር ሊጠይቁኝ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት።

«አምጣው እንግዲህ» አሉ። ተቀበሉኝና በሁለት እጃቸው ይዘውት ወደ ውስጥ ገቡ።